የእንዶድ አረፋና የሳንጃ ወንዝ

ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ በቁመታቸው እየተለኩ የሚውጡት የቢልሃርዚያ ክኒን ቀላል ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን ረጅም ነው፤ እኛንም በቀጥታ ይመለከተናል። በዚህ በሽታ ታሪክ መካከል ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት አለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእኛ አካባቢ ያለው የቢልሃርዚያ ትል በሰው አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል። ሜዳ ላይ የተጸዳዱትን ዝናብ አጥቦ ወንዝ ሲያስገባው እንቁላሉ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ ሲወጣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ሆኖ ይዋኛል፤ የሰው እግር ወይም እጅ ሲያገኝም ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ የወንዙን ውሃ አለመጠጣት ብቻ አያድንም፤ መሻገሩ፣ መዋኘቱ፣ ልብስ ማጠቡ ይበቃል። ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ሰው ጉበቱ ይጎዳል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ደም እስከ ማስታወክም ይደርሳል።

ትሉን በ1851 ካይሮ ላይ ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ የበሽታው ስም ከእሱ መጣ። መድኃኒት እስኪገኝ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ1918 ክሪስቶፈርሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ እዚሁ ጎረቤታችን ካርቱም ውስጥ፣ አንቲሞኒ የተባለውን ማዕድን በደም ሥር እየወጋ ማዳን እንደሚቻል አሳተመ። ሕክምናው ለሳምንታት የሚደጋገም መርፌ ነበር፤ ያስመልሳል፣ ልብንም ይጎዳል። ግብፅ ይህንኑ መርፌ ለአሥርተ ዓመታት በዘመቻ ለሕዝቧ ስትሰጥ ኖረች። መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ በአገሪቱ ተሰራጨ። ለአንድ በሽታ የተሰጠ ሕክምና ሌላ በሽታ ሲተክል ከዚህ የከፋ ምሳሌ አላውቅም።

በ1964 ደግሞ ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተገኙ። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉት ላይ አስደርጎ ቢያይ እነሱም ሞቱ። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት የኖሩት እንዶድ የበሽታውን ሰንሰለት መሃል ላይ የሚበጥስ ሆኖ ተገኘ። (ዓሣንም ስለሚጎዳ እንደ ልብ የሚደፋ አይደለም።) ዓድዋ ላይ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በውድ ላቦራቶሪ የሚሠራ የደኅንነት ምርመራ እስኪቀርብላቸው ፊታቸውን ሳያዞሩለት ዓመታት አለፉ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ዝናው መጣ፤ እንዶዱ ግን ወደ ወንዞቻችን በሰፊው አልተመለሰም።

በመሃሉ ክኒኑ ቀድሞ ደረሰ። በ1970ዎቹ ባየርና ሜርክ የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች ያወጡት ፕራዚኳንቴል በአንድ ቀን የሚዋጥ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም። ከ2007 ጀምሮ ሜርክ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጠዋል፤ በአገራችንም በ2015 ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ። ካርቱም ላይ መርፌ ይወጋ ለነበረ ሰው ይህ ተአምር ነበር። ክኒኑ ግን የጎለመሰውን ትል እንጂ ገና በቅርብ የገባውን አይገድልም፤ ዳግመኛ ከመያዝም አይከላከልም። ዛሬ የዋጠ ልጅ ነገ ወንዝ ከገባ እንደገና ይያዛል።

ሳንጃ ላይ ይህ ነገር የወሬ ብቻ አይደለም። በ2014 የታተሙ ጥናቶች ከተመረመሩት የሳንጃ ተማሪዎች ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት ትሉን ይዘው እንደተገኙ ጽፈዋል። ዘመቻው ወደ ትምህርት ቤት የሄደውም ለዚህ ነው፤ ልክም ነው። ግን ትምህርት ቤት የማትገኘው፣ ሳፋዋን ተሸክማ ወንዝ የምትወርደው እናትስ? ነፍሰ ጡርና አራስ ለረጅም ጊዜ ክኒኑን እንዳይወስዱ ይደረግ ነበር። የምትወልደውና የምታጠባው ሴት ደግሞ ልብስ የምታጥበዋ እሷው ናት!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታው ከመቶ ሰው አሥሩንና ከዚያ በላይ በያዘበት አካባቢ ክኒኑ ከ2 ዓመት ሕፃን ጀምሮ ለአዋቂዎችም፣ ጡት ለሚያጠቡ እናቶችም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ለነፍሰ ጡሮችም በየዓመቱ እንዲሰጥ መክሯል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን ሁለት ጉዳይ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ለአባሎቻችን ክኒኑ እንዲደርስ ጤና ጣቢያውን በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ ከቦኖ ውሃው አጠገብ የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ቢሠራልን፣ ፍሳሹም ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ጉድጓድ ቢገባ፣ እግራችን ከወንዙ ውሃ ይወጣል። የእንዶዱን ችግኝ እኛው እናፈላዋለን።