ስለ ሰባራ ድልድይ፤ አሠራሩና ጽናቱ

ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚያሻግረው በጥንቱ የነጋዴ መንገድ ላይ፥ ዓባይ በዐለት መካከል እጅግ ጠብቦ በሚያልፍበት ስፍራ፥ ሰባራ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ሥራ አለ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ድልድዩን ማን እንደ ሠራው፥ ይልቁንም ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደ ቆመ ለመመርመር እንወዳለን። ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ብዙ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ይህን አባባል እንዳለ ልንቀበለው አንችልም። ድልድዩ የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን፥ በ1660 ገደማ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ ደግሞ እኒሁ ንጉሥ በ1632 ከነገሡ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ከሩብ ምእት ዓመት በፊት የተባረሩትን ሰዎች የዚህ ሥራ ባለቤቶች ማድረግ አይገባም። እርግጥ ነው፥ ድንጋይን በኖራ እያያያዙ በቅስት መሥራት በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ከእነርሱ ጋራ የተስፋፋ ጥበብ ነው፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ነገር ግን ጥበቡ መምህራኑ ሲሄዱ አብሮ አልሄደም። ለዚህም የጎንደር ግንብ ይመሰክራል።

ወደ ጽናቱ እንመለስ። ግንበኞቹ ቦታውን የመረጡት በማስተዋል ነው፤ ወንዙ ጠባብ ስለ ሆነ ቅስቱ አጭር ሊሆን ቻለ፥ መሠረቱም ዐለት ነው። ሆኖም የቦታው መጥበብ ጥቅምም ጉዳትም አለው። በክረምት ውሃው ወደ ጎን መስፊያ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ውሃ ድንጋዩ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ የቻለው በክብደቱ ይመስለናል።

ቅስቱን የሰበረው የሰው እጅ እንጂ ውሃ አይደለም። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት የመካከሉ ክፍል ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ተሻጋሪውን ወገቡን በገመድ አስረው፥ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ወንዶች በክፍተቱ ላይ እየሳቡ ያሳልፉት ነበር። ገበያ ለመሄድ የሚከፈል ዋጋ ይህን ያህል ነበር!

የዚህ ሁኔታ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጣ። አንድ አሜሪካዊም ሥዕሉን አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር በ2001 አቋቋመ። ማኅበሩ በተሰበረው ቅስት ቦታ የብረት መሸጋገሪያ አኖረበት፤ ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ግን በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ለአካባቢው ሕዝብ ከጎርፉ ከፍታ በላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

በእኛ አስተያየት ብረቱ የተወሰደው ከድንጋዩ ይልቅ ደካማ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ውሃው በሚደርስበት ከፍታ ላይ፥ ግን ያለ ድንጋዩ ክብደት ስለ ተቀመጠ ነው። የድሮው ግንበኛ ጎርፉን በክብደት ተቋቋመው፤ የኋለኛው ከፍ ብሎ ሸሸው፤ የመካከለኛው ሁለቱንም አላደረገም። ይህ ግምት ነውና የምህንድስና ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን በበጋ ወርደው፥ ጎርፉ በዐለቱ ላይ የተወውን ምልክት ከቅስቱ ከፍታ ጋራ ቢለኩልን ደስ ይለናል።