ለመኪና ሄደው ድምፃቸውን የተከሉ ነጋድራስ



ሰው ባንድ ጉዳይ ተልኮ ወጥቶ፥ ያልታሰበ ሌላ ጉዳይ ፈጽሞ መመለሱ በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ዛሬ የምናወሳው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የጀርመን አገር ጉዞም ከዚሁ ወገን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው፥ ኢትዮጵያና ጀርመን በ1897 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክም መኪናውን ከማየት አልፈው፥ የሚነዳውና የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ እንዲኖር አሰቡ። ለዚህም ትምህርት ወደ ጀርመን ከተላኩት አንዱ፥ የምንጃሩ ተወላጅ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ነበሩ።

የዚያን ዘመን መንገደኛ ድካሙ ቀላል አልነበረም። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር እንጂ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወደ አውሮጳ የሚሻገር ሰው እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ወርዶ፥ እስከ ጅቡቲ በባቡር ተጉዞ፥ ከዚያ በመርከብ በስዊዝ በኩል ያልፍ ነበር።

በርሊን ለኢትዮጵያውያን ጨርሶ ባዕድ አልነበረችም። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ ቋንቋችንን አስተምረውባታል። ተሰማ ግን ይዘውት የሄዱት ዕውቀት በብራና የተጻፈ አይደለም፤ በጉሮሯቸውና በመሰንቆ አውታር ላይ ያለ ነበር። የሞተርን ነገር ሊማሩ በሄዱበት አገር፥ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነዚህም ሸክላዎች የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች ሆኑ።

በፊት ድምፅን በመኪና መያዝ በአገራችን አልታወቀም ማለት አይደለም። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በድምፅ ልከዋል። ነገር ግን ያ የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። ዘፈን ግን በዚያን ጊዜ የክብር ነገር ተደርጎ አይቆጠርም፤ «አዝማሪ» የሚለውም ቃል ብዙውን ጊዜ ለስድብ ይነገር ነበር። እንግዲህ የመንግሥት መልእክተኛ የሆነ ሰው ዘፋኝነቱን ለዘለዓለም በሸክላ ማተሙ ድፍረት ነው።

አቀራረጹም የዛሬውን አይመስልም። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን በዚህ ሥራ ላይ የዋለው ከ1917 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዘፋኙ በጥሩንባ መሰል ቀንድ ፊት ቆሞ ይጮኻል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌዋን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፋል። ከሰሙ ላይ ቅርጹ ተወስዶ ሸክላው ይባዛል። በሰምና ወርቅ ለተካነ ባለቅኔ፥ ድምፁ አስቀድሞ በሰም መቀረጹ ተገቢ ዕጣ ነው። አንዱ ገጽ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። እንደ ልቡ እያስረዘመ፥ የታዳሚውን ፊት እያየ ስንኝ መወርወር የለመደ ሰው፥ «እሰይ» የሚለው በሌለበት ክፍል፥ በተቆረጠ ደቂቃ ውስጥ ቅኔውን መጨረስ ነበረበት።

ሸክላ ተሰባሪ ነው። ቢሆንም የሸክላ አምራቾች በየሸክላው ላይ ስምና ቁጥር ይለጥፉ ነበርና፥ ፈልጎ ለሚያገኘው ሰው የማን ድምፅ እንደ ሆነ አይጠፋበትም። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዘፈኖቹን ሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ በ27ኛው ቁጥር እንደገና አወጡአቸው። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የእኒሁ ሰው ልጅ መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል።

ይህን ታሪክ እንዳነሣ ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ነው። በአንድ የጊፋታ በዓል ሰሞን በወላይታ፥ ዱቦ፥ ዲንካ የሚነፉ ሽማግሌዎች አጋጠሙኝ። በእጅ ስልኬ ቀረጽሁና ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወዳጄ «የነፉት እነማን ናቸው? ዜማውስ የለቅሶ ነው ወይስ የሠርግ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ስማቸውን አልጻፍሁም፤ የዜማውን ስም አልጠየቅሁም። ድምፁ በእጄ አለ፤ ሰዎቹ ግን ከእጄ ወጥተዋል።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለአንዲት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሳንሰጥ አናሳልፍም። ለአባቶቻችን ዜማ ግን ይህን ያህል እንኳ አልተጋንም። መቅረጫ መሣሪያ ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ የጎደለው መዝገቡ ነው። ተሰማ እንደ ስማቸው ከመቶ ዓመት በኋላም የተሰሙት ድምፃቸው ከስማቸው ጋር አብሮ ስለ ተቀመጠ ነው። የዱቦዎቹ ሽማግሌዎችም ሆኑ በየቀያችሁ ያሉት፥ በስማቸው ተጠርተው እንዲሰሙ ብዕራችሁን አታርቁ።