ከበግ አንጀት እስከ ብሮንዝ፦ በጣት ለምትጫወቱ የጊታር ክር ታሪክ



በውስጥ መስመር በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቦክስ ጊታር አለኝ፣ ያለ ፒክ በጣቴ ብቻ ነው መጫወት የምፈልገው፣ የትኛውን ክር ልግዛ?» በአንድ መስመር መመለስ ይቻላል። ግን መልሱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ሱቅ ገብቶ ሌላ እሽግ ሲሰጡት ግራ ይጋባል። ክሮቹ ለምን እንደተፈጠሩ ያወቀ ግን ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጊታር የተገመደ የበግ አንጀት ነበር የሚታሰርበት። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ንጹህ አንጀት ናቸው፤ ሦስቱ ወፍራሞች ደግሞ ውስጣቸው ሐር ሆኖ ላዩ በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የበገናችን አሥር አውታሮች ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። በገናን በጣት ሲሆን ድርድር፣ በመግረፊያ ሲሆን ግርፍ እንላለን። ዛሬ «ፊንገርስታይል» የሚባለውን ነገር በቋንቋችን ለይተን ስም ያወጣንለት ሰዎች ነን ማለት ይቻላል።

አንጀት ለጣት ይለሰልሳል፣ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው። ችግሩ ቅኝት አይይዝም፤ የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። ቶሎም ይበጠሳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ችግር መጣ፦ ጊታር አይሰማም። ባንጆና ማንዶሊን አጠገብ ሲቀመጥ ድምፁ ይዋጣል። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሃዋይ ሙዚቃ ሕዝቡን ማረከው፤ የሃዋይ ጊታር ደግሞ የብረት ክር ነው የሚጠቀመው። ገዢውም የብረት ክር መፈለግ ጀመረ። በ1833 የተመሠረተውና ለአንጀት ክር የሚሆን ቀላል ጊታር ሲሠራ የኖረው ማርቲን፣ በ1922 2-17 የተባለውን ሞዴል ብረት እንዲችል አድርጎ አወጣ። ክሩን ቀይሮ መሸጥ ብቻ አልበቃውም፤ ከፊተኛው ጣውላ ሥር ያሉት ድጋፎች መጠንከር ነበረባቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ወደታች እንመለስበታለን።

ብረቱ ለፒክ ብቻ አልቀረም። ሚሲሲፒ ጆን ኸርትና ኤልሳቤጥ ኮተን የመሰሉ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሙዚቀኞች በጣታቸው ተጫውተውበታል። ኮተን ግራኝ ነበረች፤ ጊታሩን ገልብጣ ይዛ ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር።

እነ አንድሬስ ሴጎቪያ ግን ከአንጀት አልተላቀቁም ነበር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ። አንጀት ለቀዶ ሕክምና መስፊያም ያገለግላል። ስለዚህ ለቁስለኛ ሲፈለግ ለሙዚቀኛው ጠፋ። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በ1938 ናይሎንን ለሕዝብ አስተዋውቆ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ፓራሹት ይሠራበት ነበር። ኒውዮርክ የሚኖረው ጊታር ሠሪ አልበርት አውገስቲን ይህን ናይሎን ለጊታር ሞከረው። ሴጎቪያም ወደደው፣ አብረውም ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ናይሎን አንጀትን ከክላሲክ ጊታር አስወጣው። የእኛ ክራርም ቢሆን ዛሬ በአብዛኛው ከአንጀትና ከጅማት ወደ ናይሎንና ወደ ብረት ዞሯል።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቦክስ ጊታር የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ የአንጀት ልጅ ነው፣ ሌላው የብረት። መልካቸው ይመሳሰላል፣ አቅማቸው ግን አይገናኝም። ስድስቱ የናይሎን ክሮች ተደምረው ጊታሩን የሚስቡት ከ35 እስከ 40 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ነው። የተለመደው ባለ 12 የብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም!

ለናይሎን በተሠራ ጊታር ላይ ብረት ሲታሰርበት ምን ይሆናል? ጣውላው ያብጣል፣ ብሪጁ ይላቀቃል፣ አንገቱ ይጎብጣል። ስንት ተማሪ እንዲህ የሆነ ጊታር ይዞ መጥቷል መሰላችሁ! ሻጩ «ስቲሉ የበለጠ ይጮሃል» ብሎ ነው የሰጠው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ጣታቸው እየተላጠ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብለው የተዉት ናቸው። ተሰጥኦ ነበራቸው። ያሸነፋቸው የክሩ ጉልበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብሪጁን እዩ። ክሩ ብሪጁ ላይ በቋጠሮ የሚታሰር ከሆነ የናይሎን ነው፤ ናይሎን ብቻ አድርጉለት። ክሩ ቀዳዳ ገብቶ በትንንሽ ፒኖች የሚያዝ ከሆነ የብረት ነው።

የብረት ከሆነ ቀጥሎ ቁጥሩን ተመልከቱ። 10፣ 11፣ 12 የሚባለው የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፤ 12 ማለት 0.012 ኢንች ነው። ጣት የፒክን ያህል ኃይል የለውም። ስለዚህ በጣት ለሚጫወት 11 ጥሩ መነሻ ነው፤ በትንሽ ኃይል ይናገራል። ጣታችሁ ሲጠነክርና ሞላ ያለ ድምፅ ስትፈልጉ ወደ 12 እለፉ። 10 ለጣት ይቀላል፣ ድምፁ ግን ይሳሳል።

ከዚያ ማዕድኑ ነው። 80/20 የሚለው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ ነው፤ አዲስ ሳለ ጥርት ብሎ ያበራል፣ ላብ ሲነካው ግን ቶሎ ይደክማል። ዳዳሪዮ በ1974 ያመጣው ፎስፈር ብሮንዝ ደግሞ መዳብና ቲን ሆኖ ጥቂት ፎስፈረስ ያለበት ነው። ድምፁ ሞቅ ይላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በጣት ለሚጫወት ሰው የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። እጃችሁ የሚያልበው ደግሞ በ1990ዎቹ ኤሊክሲር ገበያ ያወጣውን ዓይነት ሽፋን ያለው ክር ሞክሩ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ይቆያል፤ ጣት ሲንሸራተት የሚሰማውንም ሲጥታ ይቀንሳል።

የየትኛው ልጅ እንደሆነ ያልገባችሁ ጊታር ካላችሁ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ብሪጁን ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፤ አይቼ እነግራችኋለሁ። ጊታር የገዛ ጓደኛ ያላችሁም ይህን ሼር አድርጉለት፣ ክሩን ሳያስር ይድረስበት።