የኢንተርኔት ሰዓት በጎንደርና በሰሜን ጎንደር

የኢንተርኔት ሰዓት ማለት ኮምፒውተር፣ ስልክ ወይም አንድ አጭር ስክሪፕት በራሱ ሰዓት ላይ ከመመካት ይልቅ የወቅቱን ጊዜ ከሩቅ ሰርቨር ጠይቆ የሚወስድበት አሠራር ነው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች አጠያየቁ ከሌላው ዓለም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው መልሱ ከገባ በኋላ ነው። ሰርቨሩ የሚሰጠው ዩ.ቲ.ሲ. የተባለውን ዓለም አቀፍ የጊዜ ልክ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚጠብቀው ግን «ጥር 11 ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት» የሚል ንባብ ነው። በመካከሉ የሰዓት ቀጠና፣ የ6 ሰዓት ልዩነትና የዘመን አቆጣጠር አሉ፤ ስሕተቱም የሚበዛው እዚያ ነው።

አሠራሩ

ዋናው መንገድ ኤን.ቲ.ፒ. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የኔትወርክ የጊዜ ፕሮቶኮል ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ሚልስ የቀረጹት ሲሆን የመጀመሪያው ሰነድ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ 4ኛው እትም የጸደቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ጠያቂው ጥያቄውን የላከበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ ሰርቨሩ ጥያቄው የደረሰበትንና መልሱን የላከበትን ይጽፋል፤ ጠያቂው በመጨረሻ መልሱ የገባበትን ይጨምርበታል። ከእነዚህ 4 ቁጥሮች የደርሶ መልሱ ርዝመት ይወጣል፣ ግማሹም የአንድ ወገን ጉዞ ተደርጎ ይታሰባል።

ስሌቱ መሄጃው ከመምጫው እኩል ነው ብሎ ይነሣል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ መስመሯ የሚወጣው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ የሄደው መረጃ በሄደበት መንገድ ላይመለስ ይችላል። ደርሶ መልሱ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ስሕተቱ ቢከፋ ቢከፋ 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ለሆስፒታል መዝገብም ሆነ ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ስክሪፕት ጸሐፊዎች አቋራጭ መንገድም ይጠቀማሉ። የድረ ገጽ ሰርቨር በአብዛኛው መልስ ሲልክ በራስጌው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ያን አንድ መስመር ማንበብ በቂ ነው። ልኩ እስከ ሰከንድ ብቻ ቢሆንም፣ ኤን.ቲ.ፒ. የሚጠቀምበት 123ኛው በር በተዘጋባቸው የቢሮ ኔትወርኮች ሳይቀር ይሠራል። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። ባትሪው የሞተበት ኮምፒውተር ሲበራ ራሱን ከብዙ ዓመት በፊት ያገኘዋል፤ በዚያ ሰዓት የተመሰጠረ ድረ ገጽ ሲጠይቅ የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት «ዘመኑ ገና አልደረሰም» ተብሎ ውድቅ ይሆንበታል። ሰዓት ለማስተካከል የሄደው ስክሪፕት ሰዓቱ ትክክል ባለመሆኑ ምክንያት ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔው ያልተመሰጠረ አድራሻ ወይም ኤን.ቲ.ፒ.ን ራሱን መጠቀም ነው።

ከኮምፒውተር በፊት

በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ስሌት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲት በ60 ራብዒት፣ ራብዒት በ60 ኃምሲት፣ ኃምሲት በ60 ሳድሲት እየተመነዘረ ይወርዳል። ቢሰላ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት 0.4 ሰከንድ፣ ራብዒት 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ደህና መስመር ያለው ኮምፒውተር በኤን.ቲ.ፒ. የሚያገኘው ልክ እንግዲህ በጥቂት ራብዒቶች የሚነገር ነው። ሳድሲት ከ2 ማይክሮ ሰከንድ ያንሳል፤ እስከዚያ ለመውረድ ተራ የኢንተርኔት መስመር አይበቃም፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ያስፈልጋል። ክፍፍሉ በመሣሪያ የተለካ ሳይሆን የስሌት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕና የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ነበር። በዘመኑ የአንድን ቦታ ኬንትሮስ ማወቅ ማለት የቦታውን ሰዓት ከአውሮፓ ሰዓት ጋር ማስተያየት ማለት ስለነበር፣ የጁፒተር ጨረቃዎች ግርዶሽ ለሁለቱም ወገን የሚታይ የጋራ ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ የሰሜን ኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለክቷል።

የሰዓት ቀጠናው አመጣጥ

ዛሬ ኢትዮጵያ በሙሉ የምትጠቀመው ከዩ.ቲ.ሲ. 3 ሰዓት የሚቀድመውን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው። ክረምት ከበጋ አይለወጥም። ይህ ሰዓት የ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጎንደር ያለችው 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ከሰዓቱ በ30 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በከተማዋ እውነተኛው ቀትር በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከሩብ ይጠጋል፣ በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6 ከ45 ገደማ ይገፋል። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው የፀሐይ ልዩነት 5 ደቂቃ ያህል ነው።

ቀጠናው መቼና በማን እንደተወሰነ ግን ኮምፒውተሮች የሚያነቡት መዝገብ የሚነግረን ነገር አጥጋቢ አይደለም። መዝገቡ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአርተር ዴቪድ ኦልሰን የተጀመረውና በኋላ ፖል ኤገርት የሚያቃኑት የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች ዳታቤዝ ነው። ሊኑክስ፣ አንድሮይድና አይፎን የሚመሩት በእሱ ነው። ለረጅም ጊዜ በመዝገቡ የነበረው የአዲስ አበባ ታሪክ ሦስት መስመር ነበር። እስከ 1870 እ.ኤ.አ. 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፤ ከዚያ እስከ ግንቦት 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፤ ከዚያ ወዲህ 3 ሰዓት ሙሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ራሱ ያጠራጥራል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. (1886 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. በዙፋን ላይ የነበሩት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ አገሪቱ ቋሚ የቴሌግራፍ መስመር አልነበራትም፤ የቴሌኮም አገልግሎት አጀማመር የሚቆጠረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለምን በቀጠና የመከፋፈሉ ሐሳብ ራሱ በዋሽንግተን ጉባኤ የተመከረበት በ1884 እ.ኤ.አ. ነበር። የመረጃው ምንጭ ቶማስ ሻንክስ ለኮከብ ቆጣሪዎች ያዘጋጁት አትላስ ሲሆን፣ ከ1870 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ 6 እርስ በርስ የተቀራረቡ ቀጠናዎች ነበሯት ይላል። ኤገርትም አጠገቡ በጻፉት ማስታወሻ የአትላሱ ቁጥሮች ስሕተት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጠቁመዋል። የሰዓት ቀጠናን ማስፈጸም የሚችል ቴሌግራፍም ባቡርም በሌለበት አገር 6 ቀጠና ነበር ማለት ለማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው ቁጥር የተሻለ መሠረት ያለው ይመስላል። 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የ38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ኬንትሮስ ነው። ኤገርት ቦታው አዲስ ደራ ይሆናል ብለው ገምተዋል። ሆኖም መስመሩ በዛሬዋ አዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚያልፍ በመሆኑ ሌላ ከተማ መፈለግ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለዋና ከተማዋ የተሰጠ ጥቂት የሳተ ኬንትሮስ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ሦስተኛው ደግሞ ቀኑ ይናገራል። ግንቦት 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። የሰዓት ለውጥ በዚያው ቀን ተፈጽሟል ከማለት ይልቅ የአትላሱ አዘጋጅ የወረራውን ቀን እንደ ድንበር ወስደውታል ማለት ይቀላል። ለውጡ ከወራሪው ጋር የመጣ ከሆነም፣ በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደርን የያዘው ሚያዝያ 1 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. (መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.) ስለነበር፣ ጎንደር አዲስ አበባን ከአንድ ወር በላይ መቅደም ነበረባት። መዝገቡ ግን ስለ ጎንደር ለብቻው የሚለው የለም።

ነገሩን ያወሳሰበው የ2014 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ነው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዓይነት ሰዓት የያዙ ቀጠናዎች ይዋሐዱ በሚለው ደንብ መሠረት አዲስ አበባ የናይሮቢ ተቀጥላ ሆነች። ለአሁኑ ሰዓት ምንም ለውጥ የለውም። የድሮ ቀን የሚያሰላ ስክሪፕት ግን የኬንያን ቅኝ ግዛት ታሪክ ይዞ ይመጣል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የተፈጸመበትን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ብንጠይቀው ከዩ.ቲ.ሲ. 2 ሰዓት ተኩል ይላል። የቀድሞውን ዝርዝር ያስቀረ ኮምፒውተር ደግሞ በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚለይ መልስ ይሰጣል። በዊንዶውስም ምርጫው «ናይሮቢ» በሚል ስም የተቀመጠ በመሆኑ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ የጎንደር ሰው አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣል።

የ6 ሰዓት ልዩነት

ዓለም አቀፉን ሰዓት ወደ አገሬው ቆጠራ የሚለውጠው ስሌት አጭር ነው። ከ0 እስከ 23 በሚቆጠረው ሰዓት ላይ 6 ይደመራል፣ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፣ ቀሪው የሰዓቱ ቁጥር ይሆናል፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ተብሎ ይነበባል። ከፊቱ «ከጧቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ይጨመራል። ደቂቃው አይነካም።

የሚያሳስተው ልዩነቱን እንደ ሰዓት ቀጠና መቁጠር ነው። የስልካቸውን ሰዓት በእጃቸው 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው የለመዱት ይሆናል፣ የስልኩ ውስጣዊ ሰዓት ግን ይበላሻል። የኢሜይል ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል፤ የባንክ መተግበሪያ የአንድ ጊዜ ኮድ አልቀበልም ሊል ይችላል። ስክሪፕቱ ዩ.ቲ.ሲ.ን ሳይነካ ማስቀመጥ፣ 6ቱን ሰዓትም ሆነ ዘመኑን ለንባብ ሲያወጣ ብቻ መለወጥ አለበት።

ቀኑ መቼ ይለወጣል የሚለው ጥያቄ እስካሁን አንድ መልስ የለውም። ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለውጣል። በሕዝቡ ልማድ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ተከታይ ነው፣ አዲሱ ቀን ሲነጋ ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዋዜማው የበዓሉ መግቢያ ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቁት ታዋቂ የሶፍትዌር ስብስቦች የመጀመሪያውን ይከተላሉ።

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.) ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቁጥሩን በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ መሣሪያዎች ጥር 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ይሞላባቸዋል። ይህ በኢትዮጵያ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፤ የጥምቀት ዕለት። በጎንደር ፀሐይ ከመውጣቷ 40 ደቂቃ ያህል ቀድሞ፣ ሕዝቡ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ተሰብስቦ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልተሻሻለ መሣሪያ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። ኤን.ቲ.ፒ. ራሱ ከ1900 እ.ኤ.አ. ስለሚቆጥር የእሱ ቋት ቀድሞ፣ ጥር 29 ቀን 2028 ዓ.ም. ይሞላል። አዳዲስ ሲስተሞች ለሁለቱም ተዘጋጅተዋል።

መስመር ሲቋረጥ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚቀረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ሰዓት ነው። የተለመደው ክሪስታል በቀን ከ1 እስከ 2 ሰከንድ፣ በወር 1 ደቂቃ ያህል ሊስት ይችላል። ሌላው አማራጭ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ነው፤ ሰማይ እስከታየው ድረስ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ትክክለኛ ሰዓት ይሰጣል።

ሰሜን ጎንደር

የዞኑ ዋና ከተማ ደባርቅ ነው። በሰሜን ተራሮች ገደላማ መልክዓ ምድር የስልክ መስመር ስለሚቆራረጥ ጂ.ፒ.ኤስ. ከኤን.ቲ.ፒ. የተሻለ ያዋጣል። በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰዓት ከፍታ ላይ በፍጥነት ይሄዳል፤ በራስ ዳሸን ጫፍ የተቀመጠ የአቶሚክ ሰዓት ጎንደር ከተማ ካለው በቀን በ20 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል።