ከአሞሌ ጨው እስከ ዲያብሎ ቀለበት

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ሳይነግረን ያለፈው ነገር ቢኖር ያ ገንዘብ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው። ጨው ይሁን? ብር? ወረቀት? ወይስ በኮምፒውተር ላይ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ የማይጨብጠው ወርቅ?

ጥያቄውን ያጫረብኝ ቡራዩ ውስጥ በሰዓት እየተከፈለ ጌም በሚጫወቱበት ቤት ያየሁት ወጣት ነው። ሌሎቹ በኳስ ጨዋታ ሲጯጯሁ እሱ ጥግ ይዞ «ዲያብሎ ሁለት»ን ይጫወታል። ጨዋታው ከምድር በታች ወዳሉ ዋሻዎች እየወረዱ ከአጋንንት ጋር መዋጋት፣ የወደቀውን ወርቅ መልቀምና ከከተማው ነጋዴ የጦር ልብስና መድኃኒት መግዛት ነው። ወጣቱ ግን ወርቁን እየረገጠ ያልፋል። «ለምን አታነሳውም?» አልኩት። «ወርቅ እዚህ ምንም አያደርግም ወንድሜ» አለኝ ዓይኑን ሳይነቅል።

ነገሩን ስመረምረው የራሱ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1997 መባቻ ገበያ ላይ በዋለው የመጀመሪያው ዲያብሎ ወርቅ ቦታ ይይዝ ነበር። የተጫዋቹ ከረጢት 40 ክፍሎች ሲኖሩት አንዱ ክፍል ከ5,000 በላይ ወርቅ አይችልም። ማስቀመጫ ስላልነበረ ሀብታሙ ተጫዋች ወርቁን በከተማዋ መሬት ላይ ይከምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ዲያብሎ ሣጥን ጨመረ፤ ዳሩ ግን የሚያዘው ወርቅ ጣሪያ ነበረው፤ የሞተም ከወርቁ ይቀነስበታል። ስለዚህ ተጫዋቾች እርስ በርስ ትልቅ ዕቃ ሲለዋወጡ፣ ማንም ሳያውጅ፣ «የዮርዳኖስ ድንጋይ» የተባለችውን ቀለበት ገንዘብ አደረጓት። አንዲት ክፍል ብቻ ትይዛለች፤ ሁሉም ይፈልጋታል። አጭበርባሪዎች ቀለበቷን ማባዛት ሲችሉ ደግሞ እምነቱ ጥንታዊ ፊደል ወደተቀረጸባቸው ብርቅ ድንጋዮች ዞረ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መንገድ እኛ ቀድመን ሄደንበታል። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሱሉልታ የጎጃም፣ ቡራዩ የወለጋ፣ ሰበታ የጅማ በር ናቸው። በነዚያ አገሮች ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት የተገበያየው ከአፋር በረሃ በተቆረጠ አሞሌ ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ታዝቦ ጽፏል። ግን አሞሌ ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ክረምት ያሟሟዋል። ከረጢቱ ይሞላና ሀብቱ ትንሽ ነው።

በኋላ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ብር መጣ። አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሺህ ብር ማለት 28 ኪሎ ነው። አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው አስመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ቢያዙም ገበያው ግን የለመዳትን ሴት ወይዘሮ መምረጡን አልተወም። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሲከፈት ሣጥኑ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ ኋላ የመጣውን የባንክ ወረቀት ገጠሬው በቶሎ አላመነውም። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲያወጣም የማሪያ ትሬዛን ብር ከሰው እጅ ለማስወጣት ጊዜ ወስዷል። ገንዘብ የሚሆነው የታወጀው ሳይሆን ነገ ሌላው ይቀበለኛል ተብሎ የታመነው ነው።

ይህ ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የብር ዋጋ ወረደ። በሰበታና በሱሉልታ ጥቂት ጥሪት ያለው ሰው ብሩን በእጁ አያቆይም፤ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ብረት ይገዛል፣ ብሎኬት ይደረድራል። እነዚህ የሱ ቀለበቶች ናቸው። የቀን ሠራተኛው ግን ማታ የተቀበላት ገንዘብ አንድ ቆርቆሮ አትሞላለትም፤ እስክትሞላ ሲያጠራቅም ደግሞ የቆርቆሮው ዋጋ ቀድሞት ይሄዳል። በጨዋታው ወርቅ ረግጦ ማለፍ ብልሃት ነው። እዚህ ግን ብልሃቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መግቢያው ነው ለሁሉም ያልተከፈተው። በሦስቱም በሮች የገንዘብን ድካም መጀመሪያ የሚሸከመው ሌላ የሚይዘው ነገር የሌለው ሰው ነው።