የተረፉት ሦስት ካሬዎች

ከሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ገነጠልኩ። በአግድም 30 ካሬ አለው። ልስለው ያሰብኩት ቅርጽ ወርዱ 9፣ ቁመቱ 7 ካሬ ነው። ሳልቆጥር ዝም ብዬ ከግራ ጀመርኩ። አንዱን ጨረስኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ወረቀቱ አለቀ። ደረጃው ሦስት እርምጃ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ በፊት ሚትላን በፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው። ያቺ ስህተት ግን ግድግዳውን እንደገና እንዳየው አደረገችኝ።

ሚትላ በደቡብ ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ በተባለው ግዛት የሚገኝ ጥንታዊ ቦታ ነው። የሳፖቴክ ሕዝብ ሥራ ነው፤ የሚሽቴኮችም እጅ አለበት። ስሙ ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የሙታን ቦታ እንደ ማለት ነው። ፍራንሲስኮ ደ ቡርጎዋ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1674 በታተመ መጽሐፉ ቦታውን የታላቁ ካህን መኖሪያና የነገሥታት መቀበሪያ አድርጎ ጽፎታል።

ዛሬ ጎብኚውን የሚያስደምመው ግን መቃብሩ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ሕንፃዎቹን እንደ መቀነት የሚዞሩ የጌጥ መስመሮች አሉ፤ ሰው የለባቸውም፣ እንስሳ የለባቸውም። ደረጃ፣ መንጠቆ፣ ጥምዝ፣ እንደገና ደረጃ፤ በቃ። አብዛኞቹ የተሠሩት ለየብቻ ከተጠረቡ ትንንሽ ድንጋዮች ነው። በመሃላቸው ኖራ ሳይገባ አንዱ ከሌላው ጋር ተገጥሟል። ጠራቢዎቹ የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ድንጋይን በድንጋይ ነው ያስተካከሉት።

ደብተር ካላችሁ እናንተም ሞክሩት። እኔ የተጠቀምኩት ቀለል ያለውን ቅርጽ ነው። ከታች ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ዓምድ 1 ካሬ ሙሉ፣ ሁለተኛውን 2፣ ሦስተኛውን 3፣ አራተኛውን 4። ደረጃው ይሄ ነው። አምስተኛውን ዓምድ እስከ 7 አድርሱት። ከጫፉ ወደ ቀኝ እስከ ዘጠነኛው ዓምድ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ታች እስከ ሦስተኛው ረድፍ፣ ወደ ግራ እስከ ሰባተኛው ዓምድ፣ በመጨረሻም ወደ ላይ እስከ አምስተኛው ረድፍ። መንጠቆው ወደ ራሱ ይጠመዘዛል። ቀጣዩ ደረጃ ከአሥረኛው ዓምድ ይጀምራል።

ስትስሉት አንድ ነገር ይገባችኋል። ሰያፍ መስመር የለም። ሽቅብ መሄድ ከፈለጋችሁ አንድ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ እያላችሁ ነው የምትሄዱት። ይህ ደግሞ የሽመና ሕግ ነው። ድርና ማግ በቀጥታ ስለሚቋረጡ ጨርቅ በራሱ ካሬ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፤ ሸማኔ ክር ቆጥሮ ሰያፍ ሲያወጣ ደረጃ ይሆንበታል። የሚትላ ግድግዳ ከሽመና የተቀዳ ይመስላል የሚሉ ብዙዎች ለምን እንደዚያ እንዳሉ እጄ ላይ ሆኖ ነው የገባኝ። ከሚትላ ብዙም በማይርቀው ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ የሳፖቴክ ሸማኔዎች ዛሬም ይህንኑ ቅርጽ በሱፍ ምንጣፍ ላይ ያወጡታል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ። ግድግዳ ማለቂያ አለው። ቅርጹ መሃል ላይ እንዳይቆረጥ ከተፈለገ ወይ ግድግዳው ለቅርጹ ይለካል፣ ወይ ቅርጹ ለግድግዳው ይስተካከላል። ሁለቱም ሒሳብ ይጠይቃሉ፤ ያውም የመጀመሪያው ድንጋይ ሳይጠረብ በፊት። እኔ ስሳሳት ወረቀት ገንጥዬ እጥላለሁ። እነሱ ቢሳሳቱ የሚጣለው የስንት ቀን ድካም ነው። "ጌጥ ነው" ብለን የምናልፈው ነገር ውስጥ ማቀድ፣ ማካፈልና መለካት አለ።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ምስጋና ለማን ደረሰ? በስፓኒሽ ይህ ቅርጽ "ግሬካ" ይባላል፤ የግሪክ ማለት ነው። ስፔኖች ከሚያውቁት የግሪክ ጌጥ ጋር ስላመሳሰሉት ስሙም በዚያው ቀረ። ግሪኮች እኮ ኦአሃካን በሕልማቸውም አላዩዋትም! በናዋትል ግን ሺካልኮሊውኪ የሚል ስም አለው፤ የተጠማዘዘ ቅል እንደ ማለት ነው። እባብ ነው፣ ደመና ነው፣ መብረቅ ነው የሚሉ ትርጓሜዎችም አሉ፤ አንዱም ሁሉንም አላስማማም። የሠሩት ሰዎች ስም ደግሞ አንድም አልተረፈም።

ስፔኖች ኦአሃካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1521 ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ሚትላ ላይ የቅዱስ ጳውሎስን ቤተክርስቲያን ሠሩ፤ የሠሩት ደግሞ ከጥንቶቹ የሕንፃ ስብስቦች በአንዱ ላይ ነው። ሆኖም አሮጌው ግድግዳ ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም ከቤተክርስቲያኑ ጉልላቶች ሥር ደረጃውና መንጠቆው ይታያል። አዲሱ እምነት አሮጌውን ሊተካ መጥቶ ጎን ለጎን ቀሩ።

ምስጋናውን በትክክል ያደረሰ ሰው ልጥቀስ። ጀርመናዊቷ ሸማኔ አኒ አልበርስ ከናዚዎች ሸሽታ አሜሪካ ከገባች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከባሏ ከሠዓሊው ዮሴፍ አልበርስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሜክሲኮን ጎበኘች። በዓመቱ በኦአሃካው ጥንታዊ ከተማ በሞንቴ አልባን ስም የሰየመችውን ጨርቅ ሸመነች። በ1965 ስለ ሽመና ያሳተመችውን መጽሐፍ ያበረከተችው ለጥንታዊት ፔሩ ሸማኔዎች ነው፤ ታላላቅ አስተማሪዎቼ ብላ። በዘመናዊው ባውሃውስ የተማረች ሴት ስማቸው የማይታወቅ ሰዎችን "አስተማሪዎቼ" ስትል ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ከዚህ ላይ አንድ ዕድል አለን፤ ቋንቋችን። በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ ሸማኔው ክር ቆጥሮ የሚያወጣውን ቅርጽ "ጥበብ" እንለዋለን። ዕውቀትንም የምንጠራው በዚያው ቃል ነው። ቃሉን በየበዓሉ እንለብሰዋለን፤ ቆጥሮ ያወጣውን ሰው ስም ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን? እኔ ጠይቄ አላውቅም።

በሁለተኛው ወረቀት መጀመሪያ ቆጠርኩ። በመንጠቆውና በቀጣዩ ደረጃ መሃል አንድ ባዶ ዓምድ ጨመርኩ። 9 የነበረው 10 ሆነ፤ ሦስት ጊዜ አሥር፣ 30። የመጨረሻው መንጠቆ ተጠምዞ አለቀና አንዲት ባዶ ዓምድ ብቻ ተረፈች። እሷም ቦታዋ ላይ ናት።