የአርባ ሰዎች ውለታ



ዕድሜዎ ገፋ ያለ ከሆነ የቦስኒያ ስም ከሬዲዮ ዜና የማይጠፋበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ የአገሪቱ መሪ የነበሩትን የአሊያ ኢዘትቤጎቪችን ስም የሰማ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ይጠይቅ ነበር እንጂ፣ ሰውየው ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጡ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የማወጋዎ ከቤታቸው ጀምሬ ነው። ምክንያቱም የእኚህ ሰው ሕይወት፣ ገና ሳይወለዱ፣ ከ11 ዓመት በፊት አያታቸው በሠሩት አንድ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና። (የዓመት ቁጥሩ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።)

ቤተሰቡ ጥንት የቤልግሬድ ሰው ነው። የኦቶማን ጦር ሰርቢያን ለቆ ሲወጣ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሙስሊሞችም ከየቤታቸው ተነቀሉ። ኢዘት ቤግ የተባሉት የቤተሰቡ አባትም በ1861 ወደ ቦስኒያ ተሰደዱ። ኢዘትቤጎቪች ማለት እንግዲህ የኢዘት ቤግ ልጅ፣ የኢዘት ቤግ ወገን ማለት ነው፤ ቤግ በቱርኮች ዘንድ የመኳንንት ማዕረግ ነው። የቤተሰቡ ከተማ የሆነችው ቦሳንስኪ ሻማትስ፣ የቦስና ወንዝ ከሳቫ ወንዝ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። አያትየው፣ እርሳቸውም አሊያ ይባላሉ፣ በወታደርነት ኢስታንቡል ውስጥ ኡስኩዳር በሚባለው ሰፈር ሳሉ ሲዲቃ የተባሉ ቱርካዊት አግብተው ወደ ሻማትስ ተመለሱ፤ በኋላም የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ።

በሰኔ ወር 1914 ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የቦስኒያ ሰርብ ወጣት የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ገደለ። ጥይቱ የዓለም ጦርነት እንዳስነሳ ማንም ያውቃል። በየመንደሩ ያስከተለውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቦስኒያን ይገዙ የነበሩት የኦስትሪያ ባለሥልጣናት ቁጣቸውን በሰርቦች ሁሉ ላይ አወረዱት፤ ነገሩን የማያውቁ ሰዎች መያዣ ተደርገው ታሠሩ፣ ተገደሉም። በሻማትስም 40 ያህል ሰርቦች ሊገደሉ ሲሉ ሙስሊሙ ከንቲባ ጣልቃ ገብተው ነፍሳቸውን እንዳተረፉ ይነገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከንቲባው ከቤልግሬድ የተፈናቀለ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ቂም መያዝ ቢፈልጉ ቂም ነበራቸው። ዝም ቢሉ ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም፤ ገዳዩ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የነቢያችንን (ሶ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ለቁረይሾች አሳልፎ አልሰጥም ያለው ነጃሺም እንግዶቹን ሲያስጠጋ ገና የሃይማኖታቸው ሰው አልነበረም። ለወገን መቆምን ሁሉም ያውቅበታል። ሰው የሚፈተነው ወገኑ ያልሆነው ሲበደል ነው።

የልጅ ልጁ አሊያ ነሐሴ 8 ቀን 1925 እዚያው ሻማትስ ተወለዱ። አባታቸው ሙስጠፋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ ቆስለው ለዓመታት ሰውነታቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰው ነበሩ። ንግዳቸውም በ1927 ከሰረና ቤተሰቡ በዓመቱ ወደ ሳራዬቮ ገባ። ስሙ ትልቅ፣ ኪሱ ባዶ ቤት ማለት ይህ ነው። እናት ግን ለልጃቸው የሚያወርሱት ነገር አላጡም። ሌሊት ተነሥተው እየቀሰቀሱ በአቅራቢያቸው ወዳለው መስጊድ ለፈጅር ሶላት ይልኳቸው ነበር። አሊያ በሽምግልናቸው ሲያስታውሱት መነሣቱ ይከብዳቸው እንደነበር አልደበቁም። ሲመለሱ ግን ደስተኛ ነበሩ፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ አሮጌው ኢማምም በሁለተኛው ረክዓ ሱረቱ ረሕማንን ቀርተዋል። እርስዎም ልጅዎን ለፈጅር ሲቀሰቅሱ ምን ያህል እንደሚነጫነጭ ያውቁታል። ያ መነጫነጭ የት እንደሚያደርስ ግን ማን ያውቃል?

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ15 ዓመታቸው ገደማ የኮሚኒስቶችን ጽሑፍ አንብበው እምነታቸው ተናወጠ። ሃይማኖት የድሀውን ዓይን መሸፈኛ ነው የሚለው ክርክር፣ ፍትሕን ለሚወድ ወጣት ቀላል ክርክር አይደለም። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን እምነታቸው ከወላጅ የተወረሰ ብቻ ሳይሆን ራሳቸው መርምረው የተቀበሉት ሆነ። ካንትን፣ በርግሶንን፣ ሽፔንግለርን ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው አንብበዋል። እኔ ይህን የምነግርዎ፣ የሚጠይቅ ልጅ በቤትዎ ካለ አትጠይቅ ብለው እንዳያባርሩት ነው።

በ1944 ቼትኒክ የሚባሉት የሰርብ ንጉሣውያን ታጣቂዎች ወጣቱን አሊያን ያዟቸው። በዚያ ዘመን በቼትኒክ እጅ የወደቀ ሙስሊም ተመልሶ ቤቱን ያያል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ነገር ግን የማን የልጅ ልጅ መሆናቸው ታወቀ። ከ30 ዓመት በፊት የተደረገ ውለታ አልተረሳም ነበርና ለቀቋቸው። አያትየው አርባዎቹን ሲያድኑ ይህ ልጅ ይወለዳል ብለው አላሰቡም። ሱብሃነላህ!

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የቲቶ መንግሥት የ“ወጣት ሙስሊሞች” ማኅበር አባላትን ማሳደድ ጀመረ። አሊያ በ1946 ተይዘው ሦስት ዓመት ታሠሩ። ቀድሞ መታሠራቸውም ሳይበጃቸው አልቀረም፤ በ1949 ከማኅበሩ መሪዎች አራቱ በሞት ተቀጥተዋልና። ከእስር ወጥተው ሕግ ተማሩ፣ በ1956 ተመረቁ፣ በየድርጅቱ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተው ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1970 “ኢስላማዊ መግለጫ” የተባለውን ጽሑፍ አወጡ። ጠላቶቻቸው እስከ ዛሬ ከዚያ ጽሑፍ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እየመዘዙ ቦስኒያን ኢራን ሊያደርጋት ነበር ይላሉ። ጽሑፉ ግን ቦስኒያን በስም አያነሣም። ኢስላማዊ ሥርዓት ሙስሊሞች ብዙኃን በሆኑበት አገር ብቻ ሊታሰብ እንደሚችልና ሥልጣን ከመያዝ በፊት ሰውን ማነፅ እንደሚቀድም ይናገራል። አንዳንዱ አባባል ጠንካራ አይደለም አልልም፤ ቢሆንም መጽሐፍ የሚፈረደው ሙሉውን በማንበብ ነው።

በ1983 ሳራዬቮ ላይ 13 ሰዎች ለፍርድ ሲቀርቡ 58 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበው አሊያ ዋናው ተከሳሽ ነበሩ። 14 ዓመት ተፈረደባቸው። “ኢስላም በምሥራቅና በምዕራብ መካከል” የተሰኘው ታዋቂ መጽሐፋቸው በዓለም ሲታተም ደራሲው ፎቻ እስር ቤት ነበሩ። ከ5 ዓመት በላይ ታሥረው በ1988 ተፈቱ። በ1990 ፓርቲ መሠረቱ፣ ምርጫ አሸንፈው የፕሬዚደንታዊው ምክር ቤት ሊቀመንበር ሆኑ። አንድ የቀድሞ እስረኛ ሥልጣን ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠበቀው የፈረዱበትን ማደኑ ነው። እርሳቸው ግን ዳኞቻቸውንና አሳሪዎቻቸውን አላሳደዱም።

በ1992 ጦርነቱ ሲፈነዳ የሆነውን ሁሉ ለመዘርዘር ገጹ አይበቃም። አንዱን ብቻ ላንሣ። በሚያዝያ ወር 1992 የሰርብ ኃይሎች ቦሳንስኪ ሻማትስን ያዙ። የአሊያ አያት ከንቲባ በነበሩባት በዚያች ከተማ ሙስሊሞችና ክሮአቶች በትምህርት ቤትና በመጋዘን ታጎሩ፣ ተደበደቡ፣ ተገደሉ፣ ከአገር ተባረሩ። የከተማዋ ከፍተኛ ሲቪል ባለሥልጣን ብላጎዬ ሲሚች የተባለ ሐኪም ነበር። ውለታው የት ገባ? ይሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የአርባዎቹ ሰዎች የልጅ ልጆች በዚያ ቀን ምን ያደርጉ እንደነበር አላህ ያውቃል። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ አያትየው አርባዎቹን ያዳኑት ሊመለስላቸው አበድረው አልነበረም፤ ስለዚህ ብድሩ ተከለከለ ብለን የምንከስበት ፍርድ ቤት የለም።

በግንቦት 2 ቀን 1992 አሊያ ከሊዝበን ድርድር ሲመለሱ በሳራዬቮ አውሮፕላን ማረፊያ ከልጃቸው ከሳቢና ጋር በዩጎዝላቪያ ጦር ተያዙ። በማግስቱ በከበባ ውስጥ በነበሩ አንድ ጄኔራል ልዋጭ ተለቀቁ። ግን ስምምነቱ ተጥሶ በራሳቸው ወገን ታጣቂዎች ተኩስ ተከፍቶ እየወጡ የነበሩ ወታደሮች ተገደሉ። ይህን መደበቅ አይገባም። የሳራዬቮ ከበባ 1,425 ቀን ቆየ፤ ሕዝቡ ውኃ ለመቅዳት ሲወጣ በአልሞ ተኳሽ ይገደል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ማዕቀብም ከሁሉ ይልቅ የጎዳው መሣሪያ ያልነበረውን ወገን ነው። በዚያ ሁሉ መካከል አሊያ ደጋግመው የሚሉት፣ የሌላው ወገን መስጊድ አፈረሰ ብለን ቤተ ክርስቲያን አናፈርስም፣ እንደ ጠላቶቻችን ከሆንን ተሸንፈናል የሚል ነበር። የጦራቸው ምክትል አዛዥ ዮቫን ዲቭያክ በትውልድ ሰርብ ነበሩ።

ይህ መርህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሳራዬቮ ውስጥ ግን ጻጾ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቅ የራሳቸው ወገን የጦር አዛዥ ሰርብ ሲቪሎችን እያፈነ ካዛኒ በሚባል ገደል ያስገድል ነበር። ከተማዋን ከሚከላከሉት አንዱ ስለነበር ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ይፈራዋልም። በጥቅምት ወር 1993 መንግሥት በከበባው መካከል የራሱን ጦር በእርሱ ላይ አዘመተና ሰውየው ተገደለ። ዘግይቷል፤ የሞቱት ሞተዋል። ከውጭ የመጡ ተዋጊዎችም በእስረኞች ላይ ግፍ ፈጽመዋል፤ በዚህም የቦስኒያ ጦር አዛዥ የነበሩት ራሲም ዴሊች በ2008 ሄግ ላይ ተፈርዶባቸዋል። ራሳቸው አሊያም በሕይወት ሳሉ ምርመራ ተከፍቶባቸው ነበር፤ ሲሞቱ ተዘጋ። በሱረቱል ማኢዳ አላህ ለሰዎች ያላችሁ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣችሁ ብሎ ያዘዘው ትእዛዝ የተበዳዩንም እጅ ይይዛል፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚከብደው ለተበዳይ ነው።

በሐምሌ 1995 ስሬብሬኒጻ ላይ ከ8,000 የሚበልጡ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ከአራት ወር በኋላ አሊያ አሜሪካ ውስጥ ዴይተን ላይ፣ የአገራቸውን 49 በመቶ መሬት ለሰርቦች አስተዳደር የሚተው ስምምነት ተቀበሉ። ፍትሐዊ ሰላም ነው አላሉም። ከጦርነቱ መቀጠል ግን ይሻላል አሉ። ልጁን ስሬብሬኒጻ ላይ ያጣ አባት ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ማሰብ ይከብዳል። እኔ በቦታቸው ብሆን እፈርም ነበር ወይ? ብዬ ራሴን ስጠይቅ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። እርስዎስ?

በጥቅምት 2000 ዕድሜና ሕመም ስለ ተጫናቸው ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በጥቅምት 17 ቀን 2003 የሄግ ፍርድ ቤት ዶክተር ብላጎዬ ሲሚች በሻማትስ ለሠራው ግፍ 17 ዓመት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 15 ተቀነሰ። ፍርዱ በተሰማ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 19፣ አሊያ ኢዘትቤጎቪች ሳራዬቮ ላይ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። የተቀበሩት ኮቫቺ በሚባለው የሸሂዶች መቃብር፣ በከበባው ከወደቁት ተራ ወታደሮች መካከል ነው። በነሐሴ 2006 አንድ ሰው በሌሊት መቃብራቸውን በፈንጂ አፈረሰው፤ የከተማው ሰው መልሶ ሠራው።